ዘምዘም የጠጣው ድንጋይ

ሙዓሊሜ ድንጋይ እንዳስር የፈቀዱልኝ ሰባት ወር ሙሉ ብር ስሞርድና ስበይድ ከቆየሁ በኋላ ነው። ሙዓሊም የምንለው የእጅ ሥራ የሚያስተምረንን ሰው ነው፤ የእኔው ዕድሜያቸውን ጅዳ፣ ሂንዳዊያ ውስጥ ብር ሲያቀልጡ የኖሩ የወሎ ሽማግሌ ናቸው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ስድስት ዓመቴ ስለሆነ የሰማሁትን ካልጻፍኩት የሚያመልጠኝ ይመስለኛል። ከሞረዴ ጎን ደብተር አይጠፋም። «ባለደብተሯ» ይሉኛል።

ያ የመጀመሪያው ድንጋይ የደላንታ ኦፓል ነበር። መካ፣ ሩሰይፋ የምትኖር ያገራችን ልጅ ከአገር ቤት አስመጥታ፣ ለዑምራ ጉብኝት ለሚመጡ እናቷ ቀለበት እንዲሆን ሰጠችን። ነጭ ነው፤ ሲያገላብጡት ግን አረንጓዴና ቀይ እሳት ውስጡ ይሮጣል። ከማሰሬ በፊት ደብተሬ ላይ ሳልኩት፤ ጎኑ ላይ ያለችውን የሰሊጥ ፍሬ የምታክል ቡናማ ነጥብም አልተውኩም። ከሥዕሉ በታች ሙዓሊሜ የነገሩኝን ጻፍኩ፦ «ውሃ ይጠጣል። ሲጠጣ ቀለሙ ይጠፋል።»

ቀለበቱን ልትወስድ ስትመጣ ግን ይህን አልነገርኳትም። ታጥቦ ለሚሰግድ ሰው የሚሠራን ቀለበት «ውሃ አታስነኪው» ማለት ከበደኝ። ደግሞም ሥራዬን እያደነቀች ስትመርቀኝ ነገሩን አሳልፌ ሸኘኋት።

በሦስተኛው ቀን ስልክ ደወለች።

«ድንጋዬን ቀይረሽዋል! ጠርሙስ ነው ያሰርሽልኝ! አማና፣ አደራ አይደለም ወይ? ሐራም አይደለም ወይ?»

ጩኸቷ ከስልኩ አልፎ ሙዓሊሜ ጆሮ ገባ። ስዘጋው አዩኝ።

«ውሃ እንደሚጠጣ ነግረሻታል?»

«አልነገርኳትም።»

«እንግዲያው ሌባ ብትልሽ አትፍረጂባት። ይህ ነገር እስኪጠራ እሳት አትነኪም። መወልወል ብቻ።»

በማግስቱ ደብተሬን ይዤ መካ ሄድኩ። ቀለበቱን በጥጥ ጠቅልላ አመጣችው። እሳቱ የለም። ድንጋዩ እንደ መስታወት ጠርቶ ከሥሩ ያለው ብር ወለል ብሎ ይታያል።

«ምን አድርገሽው ነበር?»

«ምንም! ለእናቴ በረካ እንዲሆናት የዘምዘም ውሃ ውስጥ አሳደርኩት እንጂ።» ከዚያ ዓይኗ ተቆጣ። «ዘምዘም አበላሸው ልትዪኝ ነው?»

«ዘምዘም ምን በወጣው! ጥፋቱ የእኔ ነው። ይህ ድንጋይ ውሃ እንደሚጠጣ እያወቅሁ ሳልነግርሽ ቀረሁ።»

«ድንጋይ ደግሞ ይጠማዋል እንዴ?» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን የማመን አልነበረም።

ደብተሩን ከፈትኩላት። ወደ መስኮቱ ሄዳ ሥዕሉን አየች፣ ድንጋዩን አየች፣ እንደገና ሥዕሉን። ቡናማዋ ነጥብ እዚያው ነበረች።

«ነጥቧስ የእሱ ናት» አለች፣ ቅር እያላት። «በፀጉር ማድረቂያ ላድርቀዋ።»

«ወላሂ ይሰነጠቃል! ፀሐይም አይንካው። ጥጥ ላይ፣ ጥላ ውስጥ ተይው፤ ውሃው ሲወጣለት ቀለሙ ይመለሳል።»

«እናቴ በዘጠኝ ቀን ትገባለች። ካልተመለሰ መንሱርና ሩሰይፋ ሰፈር የቀረ ሐበሻ አይኖርም፤ ሁሉም ጉድሽን ይሰማል።»

«ይሁን» አልኳት። ደብተሩን ማስያዣ ብዬ እሷ ዘንድ ተውኩት። በሕይወቴ ከእሱ የሚበልጥ የማስይዘው ነገር አልነበረኝም።

ሂንዳዊያ ተመልሼ የሌላ ሰው ቀለበት ስወለውል ሰነበትኩ። በአምስተኛው ቀን ደውላ «ኖራ መሰለ፣ ኸላስ፣ ሞተ» አለችኝ። ይህን ደብተሬ ውስጥ አልጻፍኩትም ነበር፤ አላውቀውማ። ሙዓሊሜን ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸው ከሥራቸው ሳይነሱ «ሲደርቅ መጀመሪያ ይደፈርሳል» አሉ። እኔም «አትንኪው» አልኳት።

በስምንተኛው ቀን የድምፅ መልእክት ላከች። «አረንጓዴው መጣ! ኧረ ቀዩም!» እልልታዋ ክፍሉን ሞላው። ሙዓሊሜ የመበየጃውን እሳት ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ያላ፣ ባለደብተሯ።»

እኔ ግን ቀለበቱን መልሳ እንድታመጣልኝ ለመንኳት። በማግስቱ በጠዋት እያጉረመረመች መጣች፤ ደብተሬንም አመጣችልኝ።

«ዳነ አይደል? ምን ቀረሽ?»

«እናትሽ በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት ይታጠባሉ፣ ዉዱእ ያደርጋሉ። ጣት ላይ ከዋለ ከውሃ አያመልጥም። የአንገት ሐብል ላድርገው።»

የድንጋዩን ማቀፊያ ከፍቼ ድንጋዩን አወጣሁ፤ መጋዙን ቀለበቱ ላይ ሳሳርፍ ሙዓሊሜ ቀና አሉ።

«የመጀመሪያ ሥራሽን?»

«አዎ» አልኩና ቆረጥኩት።

በዚያው ማታ እናትየው ከመንገድ እንደገቡ፣ የአንገት ሐብል የሆነውን ድንጋይ ሩሰይፋ ወስጄ በእጃቸው ሰጠኋቸው። መዳፋቸውን ሳይዘጉ፣ ምርቃታቸውንም ሳልጠብቅ፣ ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

«እማማ፣ ይህ ድንጋይ ውሃ አይንካው።»

«ዘምዘምም?»

«ዘምዘምም።»

ድንጋዩን ወደ መብራቱ አዙረው አዩት፤ ቀዩ እሳት ሮጠ።

«እንግዲያው የእሱን ድርሻ እኔ እጠጣለታለሁ» አሉ።