በእኔ ትርጉም ማንም አይሞትም

የካርቱን ፊልም ለልጆች ነው ያለው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ጆሮውን ይዤ አንድ ነገር እጠይቀው ነበር፦ ለመሆኑ እስከ መጨረሻው አይተኸዋል? እኔ አይቻለሁ። አንድ ሁለት እንዳይመስላችሁ፤ ዲላ ውስጥ በፍላሽ የሚቀዳውን ሁሉ አይቼ ጨርሻለሁ። ወይ ጉድ! ቀለሙ ያምራል፣ ዘፈኑ ያምራል፣ ወፉ ይስቃል፣ ዛፉ ይጨፍራል፤ ገና አሥር ደቂቃ ሳይሞላ እናት ትሞታለች። እናት ካልሞተች አባት ገደል ይገባል። ሁለቱም ከተረፉ ቤታቸው ይቃጠልና ልጅ ብቻውን ዱር ለዱር ይንከራተታል። ከዚያ ደግሞ ዘፈን! ይሄንን ነው እንግዲህ ሕፃን ጭናችን ላይ አስቀምጠን ፈንዲሻ እየበላን የምናየው።

ይሄን የደረስኩበት ሰሞን ያላወራሁለት ሰው የለም። አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ በእረፍት ሰዓት መምህራኑን ሰብስቤ "በዚህኛው ደግሞ ማን እንደሞተ ገምቱ!" እላለሁ። "አንቺ ሴት፣ ሰው ካርቱን እያየ ሬሳ ይቆጥራል?" ይሉኛል። እቆጥራለኋ! ደግሞ እኮ ሞቱን አያሳዩህም። ጥላ ብቻ ያልፋል፣ ሙዚቃው ጸጥ ይላል፣ አንድ ቅጠል ትወድቃለች፤ አለቀ። ትልቅ ሰው ፈንዲሻው ውስጥ እጁን ከቶ ያመልጠዋል፤ ልጅ ግን አያመልጠውም። ጨካኞች ናቸው፤ ግን እንዴት ያሉ ጎበዞች መሰሏችሁ!

ነገሩ የጀመረው ከቤተ ክርስቲያን ነው። እኛ ጋ እንግዳ ሰባኪ ሲመጣ በአማርኛ ይሰብካል፤ አጠገቡ የቆመ ሰው ደግሞ ከገጠር ለመጡት እናቶችና አባቶች ወደ አገሬው ቋንቋ፣ ወደ ጌዴኡፋ ይመልሳል። ያ የቆመ ሰው እኔ ነኝ። ምላሴ አያርፍም። ሰባኪው "አንድ ሰው መንገድ ወጣ" ሲል፣ እኔ ሰውየው ምን ለብሶ፣ ምን ቀምሶ፣ ከሚስቱ ጋር ተስማምቶ ይሁን ተጣልቶ እንደወጣ ሁሉ እጨምርበታለሁ። አንድ ጊዜ ሕዝቡ በሳቅ ሲፈነዳ ሰባኪው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ምን አልኩ?" ብሎ ጠይቆኛል።

ታዲያ አንድ ቀን የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጠርተውኝ "ልጄ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን በፊልም እንሰብስባቸው ብለናል። እንግሊዝኛውን ማን ይፍታላቸው?" አሉኝ። ጥያቄው ከአፋቸው ሳይወጣ "እኔ!" አልኩ።

እንዴት ያለ ቅዳሜ ነበር! አዳራሹ ግድግዳ ላይ ነጭ አንሶላ እንወጥራለን፤ ብርሃን እንዳይገባ መስኮቱን በጆንያ እንሸፍናለን። ስምንት ሰዓት ሲሆን መቀመጫ የለም። የቡና ለቀማ ወቅት ሲሆን ልጆቹ ከማሳ በቀጥታ ስለሚመጡ ጣታቸው በቀይ ቡና ተጣብቆ ነው የሚያጨበጭቡት። ባጃጅ ነጂዎቹ ሳይቀሩ በር ላይ ይደረደራሉ። እኔ ማይኬን ይዤ ጎኑ ላይ እቆማለሁ፤ ሲያስፈልግ አንበሳ ነኝ፣ ሲያስፈልግ አይጥ ነኝ፣ አንዱን በአማርኛ፣ አንዱን በጌዴኡፋ። ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንዲህ ቢደሰት ይበቃዋል።

አንድ የሚያስጨንቀኝ ነገር ብቻ ነበረኝ፤ እሷም ሁልጊዜ ከፊት ረድፍ ትቀመጣለች። የእህቴ ልጅ ናት፤ አሥር ዓመቷ ነው፤ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። አባቷን መልኩን እንኳ አታውቀውም። እናቷ፣ ታላቅ እህቴ፣ መጋቢት ላይ ኩላሊቷን ታማ ሐዋሳ ሆስፒታል ገባች፤ በዚያው አረፈች። አምጥተን ጪጩ መንደር፣ ከአባታችን ጓሮ ቀበርናት። ልጅቷን የቀብሩ ዕለት ጎረቤት ቤት ደበቅናት፤ እስከዚያ ጊዜም አልተነገራትም ነበር። መርዶ ለልጅ ዝም ብሎ አይጣልም። ጊዜ ይመረጣል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ማለዳ ይነገራል።

ጊዜ መራጩ ታላቅ ወንድሜ ነበር። "ፈተናዋን ትጨርስ" አለ። ጨረሰች፤ ሦስተኛ ወጣች። "ክረምቱ ይውጣ" አለ። ወጣ። "ትምህርቷን ጀምራ ትረጋጋ" አለ። እኔም እሺ አልኩ፤ ማን ሊነግራት! ለቅሶ ደራሽ ሲመጣ በር ላይ ጠብቄ ጥቁሩን ነጠላ አስወልቄ፣ እንባውን አስጠርጌ ነበር የማስገባው። "እማዬ መቼ ነው የምትመጣው?" ስትለኝ "ሐኪሞቹ ሲለቋት" እላለሁ። እንግዲህ ፍርሃቴ ይሄ ነበር፦ ልጅቷ መርዶዋን ከእኔ አፍ፣ በእኔ ስህተት፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት እንዳትሰማው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ያሳየነው ፊልም ላይ እናት ዳክዬን ጎርፍ ወሰዳት። "ሞተች" ልል አፌን ስከፍት ከፊት ረድፍ ሁለት ዓይኖች አየሁ። "እናትየዋ... ይርጋጨፌ ገበያ ሄደች!" አልኩ።

"በጎርፍ?" አለኝ አንዱ ልጅ።

"አዎ፣ በጎርፍ። ይፈጥናል።"

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ዲላ ላይ የሞተ የለም። አባት ድብ ገደል ሲገባ "ኢዲዶ ቀበሌ ወረደ፤ ቡና የሚያሰጣለት ሰው አጥቷል" አልኩ። አሮጌው ንጉሥ መርዝ ጠጥቶ ሲዘረር "ደክሞት ነው፤ ሲነቃ ሬኮ ቡና ማጠቢያ ጥበቃ ይገባል" አልኩ። አንሶላው ላይ ቀብር፣ ከእኔ አፍ ሠርግ! ሽማግሌው እንግሊዝኛ አያውቁም፤ "ይሄ ፊልም እንዴት ሰላማዊ ነው" ብለው ይመርቁኛል። እኔም፣ አልዋሽም፣ በራሴ ኮራሁ።

ዓርብ ዓርብ ቤት ውስጥ በላፕቶፕ እለማመዳለሁ። ልጅቷ አጠገቤ ሆና ታያለች። ሞቱ ሲቃረብ "እስኪ ሮጥ ብለሽ ጨው ግዢልኝ" እላታለሁ። ስትመለስ ሁሉም ነገር አልፏል፣ ዘፈን ላይ ነን። ቤታችን ጨው በጨው ሆነ። ባለሱቁ "እናንተ ቤት ከብት ማርባት ጀመራችሁ እንዴ?" ብሎ ጠይቋታል አሉ።

ኅዳር ላይ ቤተ ክርስቲያናችን የሦስት ቀን ኮንፈረንስ ነበራት። ሦስት ቀን ሙሉ ከጠዋት እስከ ማታ ተርጉሜ፣ ዘምሬ፣ ጮኼ፣ ቅዳሜ ስነሳ ድምፄ ጥርግ ብሎ ጠፍቷል። አፌን ስከፍት ትንፋሽ ብቻ ነው የሚወጣው። አዳራሹ ግን እንደ ልማዱ ጢም ብሏል። ሽማግሌው "ዛሬ ይቅር" ሊሉ ሲነሱ ልጆቹ በአንድ አፍ ጮኹባቸው። ያን ጊዜ የእህቴ ልጅ ከፊት ረድፍ ብድግ አለች።

"አክስቴ በጆሮዬ ትንገረኝ፤ እኔ ልናገር።"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ማይኩን ሰጠኋት፤ ወንበር ላይ አቆምኳት፤ እኔ ከኋላ ሆኜ ማንሾካሾክ ጀመርኩ።

እልል ማለት አማረኝ እኮ! እኔ አንድ ስላት እሷ ሦስት ታደርገዋለች። ፊልሙ የሽኮኮ ቤተሰብ ታሪክ ነው፤ ሽኮኮዋን በወፍራም ድምፅ፣ ልጇን በቀጭን፣ ሰነፉን ጉጉት እንደ ወንድሜ እያስነጠሰች አወራችላቸው። ሰው በሳቅ ወደቀ። ባጃጅ ነጂዎቹ "ኧረ የኛ ልጅ!" እያሉ ያፏጫሉ። ደሜ ናት፣ የእኔ ሥራ ናት አልኩ በልቤ፤ የማደርገውን አጣሁ።

ከዚያ እናት ሽኮኮ ለልጇ ፍሬ ልታመጣ ከዛፍ ጫፍ ወጣች። የንሥር ጥላ አንሶላው ላይ ዞረ። ሙዚቃው ቆመ። ቅርንጫፉ ባዶውን ተወዛወዘ፤ ልጁ ከታች ሁለት እጁን ዘርግቶ ፍሬ ይጠብቃል።

ለዚህች ቦታ ያዘጋጀሁትን ነገር ስናገር ዛሬም ፊቴ ይግላል። የይርጋጨፌ ገበያ አለ፣ ኢዲዶ አለ፣ ስንት ቦታ እያለ፣ እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ ከዓርብ ሌሊት ጀምሮ ያሰብኩት ሌላ ነው። ልጅቷም በዚያው ትጽናናለች ብዬ ነው። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ "እናትየዋ ታማ ለሕክምና ሐዋሳ ሄደች፤ ሲሻላት ትመጣለች በዪ" አልኳት።

አልሰማችም ብዬ ደገምኩላት። ማይኩን ወደ አፏ አስጠግታ፣ አንሶላውን እያየች፣

"ሞተች" አለች።

ከውጪ የጄኔሬተሩ ድምፅ ብቻ ይሰማል።

"ንሥሩ ወሰዳት። አትመጣም። አክስቴ ሐዋሳ ሄደች በዪ አለችኝ፤ ሐዋሳ አልሄደችም። የእኔም እናት ሐዋሳ የለችም።"

ከትንንሾቹ አንዷ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ወንበሩን ይዤ ቆሜአለሁ። ማይኩን ልቀማት ስል እጄን በእርጋታ ገፋ አድርጋ "አታልቅሺ፣ ገና አላለቀም" አለቻት ሕፃኗን። "ዝም በሉ፣ አሁን ልጁ ሊናገር ነው።" ከዚያም እስከ መጨረሻው ተረጎመችው። የማንሾካሾክበት ድምፅም፣ ወኔም አልነበረኝም። የእንግሊዝኛውን ግማሽ አታውቀውም፤ ግን አንዲት ቦታ አልሳተችም። ልጁ ሲርበው ራበው አለች፤ ሲፈራ ፈራ አለች፤ ሌላ ሽኮኮ ጎጆዋን ከፍታ ስታስገባው "እናቱ አይደለችም፤ ግን አስገባችው" አለች። ሲያልቅ የተነሳው ጭብጨባ! እንዲህ ያለ ጭብጨባ ለእኔ አንድም ቀን አልተጨበጨበልኝም። እያለቀስኩ አጨበጨብኩ።

ወደ ቤት በእግራችን ስንሄድ "መቼ አወቅሽ?" አልኳት በዚያ በሌለ ድምፄ።

"ከሐዋሳ የተመለሳችሁ ቀን። ሁላችሁም በአንድ ቀን ሳማችሁኝ። ደግሞ የሚመጣው ሰው ሁሉ ብስኩት ይሰጠኛል። እናቱ የምትድን ልጅ ያን ያህል ብስኩት አይመጣለትም።"

"ፊልሞቹስ?"

"ጨው ስትልኪኝ መስኮቱ ሥር ቆሜ ነው የማያቸው። ሲሞቱ ካየሁ በኋላ ነው ሱቅ የምሄደው።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም፣ የኔ እናት?"

"አንቺ ማይክ ስትይዢ ደስ ይልሻል። ማወቄን ብታውቂ ታለቅሻለሽ።" ትንሽ ተራመደችና ቆመች። "አክስቴ፣ እኔ ግን መቼ ነው የማለቅሰው? እናንተ ሁላችሁ ተቀምጣችሁ አልቅሳችሁ ጨርሳችኋል። እኔ አልተቀመጥኩም።"

ማታውኑ ወንድሜ መጣ፤ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ደርሶታል። "ሽማግሌ ሳይሰበሰብ፣ ወጉ ሳይደርስ፣ በማይክ?" ብሎ ጮኸ። ድምፅ የለኝም፤ ጠረጴዛውን ደበደብኩት። "ስምንት ወር! ወጉ ስምንት ወር አረፈደ! ነገ ትቀመጣለች!" አልኩ፤ የወጣልኝ ግማሹ ነው፤ ግን ገባው። ጎንበስ ብሎ "ፍራሹን እኔ አወርዳለሁ" አለ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ፍራሹን ሳሎን መሬት ላይ ዘረጋው። ልጅቷ የዋና ሐዘንተኛ ቦታ ላይ፣ መሀል ላይ ተቀመጠች። ማን ይመጣል ብዬ ተጨነቅሁ፤ ስምንት ወር ያለፈው ለቅሶ ነው። ከዚያ በሩ ላይ ኮቴ ሰማሁ። የቅዳሜ ልጆች ናቸው! ማንም አልጠራቸውም። ከዳርም ከከተማም፣ ትልልቆቹ ትንንሾቹን አዝለው፣ ጫማቸውን በር ላይ እያወለቁ ገቡ። እንደ ትልቅ ሰው አንገታቸውን ደፍተው ምንጣፉን ሞሉት። ቦታ ጠፍቶ ግቢው ውስጥ የተቀመጡም ነበሩ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ለቅሶ አላየሁም። የተሰማኝ ሐዘን ይሁን ደስታ አላውቅም፣ ሁለቱም ነበር መሰለኝ።

አንዱ ትንሽ ልጅ አላስቻለውም። "እናትሽ ምን ሆና ነው የሞተችው?" አላት።

ልጅቷ ይሄን ከየት ታውቀዋለች? መሞቷን ብቻ እንጂ ሌላውን ማን ነግሯት! ዞር ብላ እኔን አየችኝ። ልጆቹም ሁሉ ዞረው አዩኝ፤ እኔ እንድነግራቸው ይጠብቃሉ።

ከፍራሹ ጫፍ ተቀመጥኩ። ድምፄ እየተሰነጠቀ ነው የወጣው። "ኩላሊቷን ታማ። ሁለት ሳምንት ተኛች፤ መድኃኒቱ አልያዛትም። ሐሙስ ጠዋት እጇን ይዤ ነበር። ብርቱካን ገዝቼላት አልበላችም፤ 'ለልጄ ውሰጂላት' አለችኝ። እኔ እዚያው አልጋው ላይ ረስቼው መጣሁ። ከዚያ ሞተች።"

ስምንት ወር ሙሉ ያችን ቃል አንድም ቀን አላልኳትም ነበር። ልጅቷ እስከ መጨረሻ አዳመጠችኝ። ከዚያ "ብርቱካኑን ለእኔ አለች?" ብላ ጠየቀችኝና፣ አዎ ስላት፣ ፊቷን ጭኔ ውስጥ ቀብራ እናቷን ማልቀስ ጀመረች።