ነገሪ ዲሹን ታቅፎ የቆመ ዕለት

ነገሪን እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ ያለ የአገራችን ሰው የሚያውቀው በዲሽ ነው። ዋና ሥራው ግን ሌላ ነው። አረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ላውንደሪ እንሠራለን፣ እኔና እሱ። አንሶላ እናጥባለን፣ እናጣጥፋለን። ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ ሰው ቤት ሄዶ ዲሽ ይሰቅላል፣ እኔ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሜ ሲግናሉ ስንት እንደደረሰ ቁጥር እጠራለታለሁ። ስሜ አለልኝ ነው። ስለ ሰው ጽፌ አላውቅም፣ ያየሁትን ያህል ልሞክር።

ዲሽ መስቀል የተማረው ናይሮቢ ነው። እዚያ ዲሽ ሽቅብ ነው የሚያየው፣ ዝናብ የሚጠራቀምበት ሳህን ይመስላል። እዚህ ግን ቀጥ ብሎ ቆሞ ወደ ደቡብ ነው የሚያየው። ነገሪ ኮምፓሱን ያይና ያስቀምጠዋል። ከዚያ ዝም ብሎ ሰማዩን ያያል። እዚያ ምንም የለም፣ ባዶ ሰማያዊ ነው። እሱ ግን ሩቅ መስኮት ላይ የሚያውቀው ሰው የቆመ ይመስል ዓይኑን ጠበብ ያደርጋል። «እዚያ ጋ ናት» ይላል ሳተላይቷን። ዲሹን ትንሽ ገፋ፣ ቆም። እንደገና ትንሽ ገፋ፣ ቆም።

«ቸኩለህ ካዞርካት ሳታውቅ ታልፋታለህ» ይለኛል።

እኔ ደግሞ ድምፄ አይወጣም። ከልጅነቴም እንዲህ ነኝ። «አርባ ሁለት» ስል እኔው ብቻ ነኝ የምሰማው። እሱ ውጭ ሆኖ ይጮሃል፦ «አንተ ሰውዬ፣ ለቴሌቪዥኑ ነው ለእኔ የምትነግረው?»

ከሚሪያም ከእኛ ጋር ላውንደሪ ትሠራለች። የካቲት ላይ እሷ ቤት ሰቀልን። ሁለተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው፣ በረንዳዋ ፊት ለፊት አንድ ትልቅ ዛፍ ቆሟል። ያኔ አንድ ቅጠል አልነበረበትም። ጥቁር ቅርንጫፍ ብቻ፣ ላዩ ላይ በረዶ።

«ይሄ ዛፍ አይከልለውም?» አለችው።

ነገሪ አየት አደረገው። «ይሄማ የሞተ ነው፣ ከሚ። በመሃሉ ሰተት ብላ ትገባለች።»

እኔም የሞተ መስሎኝ ነበር። ሦስታችንም ዊንተር ስናይ የመጀመሪያችን ነው። መንገዱ ሁሉ እንደዚያ ያለ ዛፍ ነበር፣ ብርዱ የፈጃቸው መስሎን አዝነንላቸዋል። ለማንኛውም ያን ቀን ቁጥሩ ሰባ አራት ደረሰ፣ የአገር ቤቱ ጣቢያ ጥርት ብሎ መጣ።

ግንቦት ላይ ከሚሪያ «እየተቆራረጠ ነው» ማለት ጀመረች። ነገሪ «እመጣለሁ» ይላል፣ ሌላ ቤት ይጠሩታል። እንዲህ እንዲህ ሲል አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስልክ ደወለች። ወንድሟ ከአገር ቤት ነግሯት ነው። ወንዛቸው ላይ ድልድይ ተሠርቷል፣ ሲመረቅ አባታቸው ከሽማግሌዎቹ ጋር ቆመው መርቀዋል፣ ዛሬ በማታው ዜና ይታያል። የአገር ቤት የማታ ዜና እዚህ እኩለ ቀን ላይ ነው። የቀረን አንድ ሰዓት ነው፣ ሮጠን እሷ ቤት ደረስን።

አባቷ ፎቶ አይወዱም። ካሜራ ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። ከሚሪያ ከተለየቻቸው አሥራ አራት ዓመት ሆኗታል፣ አንድም ፎቶ የላትም። አንድ ቀን አንሶላ ስናጥፍ «የአባቴ መልክ እየጠፋኝ ነው» ብላኝ ታውቃለች። እኔ አንሶላዬን አጠፍኩ።

ነገሪ ገመዱን አየ፣ ብሎኑን አጠበቀ፣ ሲግናሉን የሚቀበለውን የዲሹን ዓይን በሌላ ቀየረ። እኔ «ሃያ... ዜሮ... ዜሮ» እላለሁ። ድንገት ነፋስ መጣና «ሃምሳ!» አልኩ።

«እኔ አልነካሁትም» አለ ነገሪ።

ነፋሱ አለፈ፣ ዜሮ። ነገሪ ያኔ ነው ቀና ያለው። ዛፉ ከላይ እስከ ታች ቅጠል ለብሷል። ፀሐይ በቅጠሉ ውስጥ አልፋ የነገሪን ፊት አረንጓዴ አድርጋዋለች። 

«ሕይወት ነበረው» አለ ቀስ ብሎ።

«ጠይቄህ ነበር እኮ» አለችው ከሚሪያ።

«ጠይቀሽኛል።»

«ኦቦ ነገሪ፣ አባቴን ዛሬ ካላየሁት መቼ አየዋለሁ?»

 ነገሪ የብሎን ቁልፉን አውጥቶ ዲሹን ፈታው። ከመኪናው ረጅም ገመድ አምጥቶ ቀጠለና፣ ዲሹን ተሸክሞ ወደ ሣሩ ወረደ። ከዛፉ ጥላ አልፎ ቆመ። ማሰሪያ እንጨት የለም፣ ብረት የለም። ከኋላው ታቀፈው፣ ልክ ሕፃን እንደሚታቀፍ፣ ፊቱን ወደ ደቡብ አድርጎ። ውሻ ይዞ የሚያልፍ ሽማግሌ እጁን አነሳለት። ነገሪ ባዶ እጅ ስለሌለው በአገጩ ሰላም አለው።

ከዚያ ርቀት የኔ ድምፅ አይደርስም። እንዴት እንደወጣልኝ አላውቅም፣ በረንዳው ላይ ወጥቼ፣ ቴሌቪዥኑን በበሩ እያየሁ ጮህኩ። «ሠላሳ! አርባ! ሃምሳ ስድስት! በቃ፣ እንዳትነቃነቅ!»

«አቤት፣ ድምፅ ነበረህ እንዴ!» አለኝ ከታች።

ዜናው ጀምሯል። ስብሰባ አሳዩ፣ የውሃ ጠርሙስ የተደረደረበት ጠረጴዛ። ከዚያ ወንዝ። ከዚያ ድልድይ፣ ሪባን፣ የቆሙ ሽማግሌዎች። አንዱ ሽማግሌ መዳፋቸውን ዘርግተው ቀና አሉ። ከሚሪያ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ምስሉ ቆመ።

የነገሪ ክንድ ዝሎ ነው። «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ከታች መጣ፣ የሽማግሌው ደረት ላይ። ፊታቸው ግን እዚያው ቀረ፣ ጥርት ብሎ፣ ዓይናቸው ወደ እኛ።

«ቁጥር!» አለ ነገሪ ከውጭ። «ስንት ነው? ላስተካክል?»

ከሚሪያ ዞር አላለችም። «እንዳይነካው በለው» አለችኝ። «ሲግናሉ ከተመለሰ ምስሉ ያልፋል።»

«አትንካው!» ብዬ ጮህኩ። «እንዳለህ ሁን!»

«አባቷ መጡ?»

«መጥተዋል!»

እሷ ቴሌቪዥኑ ፊት በርከክ አለች።  የቅጠሉ ጥላ ግድግዳው ላይ ይወዛወዛል፣ ውሃ ውስጥ ያለን ይመስላል። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም።

«መነጽር አድርጓል» አለች። «መነጽር ማድረጉን ማንም አልነገረኝም።»

ከዚያ ተነስታ እሷው ራሷ በረንዳው ላይ ወጣች። ነገሪ እዚያው ነው፣ ዲሹን እንዳቀፈ ሰማይ ሰማይ ያያል።

«ኦቦ ነገሪ፣ በቃ አስቀምጠው። ና እይልኝ።»

ዲሹን ሣሩ ላይ አስተኝቶ መጣ። በር ላይ ጫማውን አወለቀ። ቴሌቪዥኑን አየ፣ እሷን አየ፣ መልሶ ቴሌቪዥኑን አየ።

«ግንባሩ ያንቺ ነው» አላት።

ከሚሪያ እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች።