ወንበሮቹ ስብሰባ የሄዱ ዕለት

በቅርቡ አንድ ወጣት የሥራ ባልደረባዬ ምክር ሊጠይቀኝ መጣ። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ኪሱ ሳይራቆት፣ የሚወዳትን ልጅ «ታገቢኛለሽ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅበት የማይረሳ ዝግጅት ፈልጓል። የሚንበረከክበትን ሆቴል፣ አበባውን፣ ቀለበቱን ሲዘረዝርልኝ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። በእኔ ዕድሜ ያሉ ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር ሲሰሙ «ባህላችን ጠፋ» ማለት ይወዳሉ። እኔ አልወድም። ባህሉ ጠፋ ብለው የሚያለቅሱት አብዛኞቹ፣ ባህሉ በነበረ ጊዜ ሲሸሹት የኖሩ ናቸው። አውቃለሁ፤ አብሬያቸው ሸሽቻለሁ። ያውም ወደ ደሴ።

በደርግ ዘመን ሐይቅ ከተማ አስተማሪ ነበርኩ። የምኖረው ጨው፣ በርበሬና ኩራዝ የሚሸጡ አንድ ሙስሊም ሽማግሌ ግቢ ውስጥ፣ በአንዲት ክፍል ነበር። ትርፍ ቤት ተወርሶ ማከራየት ስለተከለከለ ሰውየው ለቀበሌው «የእህቴ ልጅ ነው» ብለው አስመዘገቡኝ። እኔ አንገት ላይ ማተብ፣ እሳቸው ራስ ላይ ቆብ አለ። ጸሐፊው አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን አየና ጻፈ። ወሎ ነው፤ እህት የት እንዳገባች ማን ይጠይቃል? ጋሼ እላቸው ነበር። ውሎ አድሮ ነገሩን እሳቸውም አመኑት መሰለኝ፣ እንደ እውነተኛ አጎት ይቆጡኝ ጀመር።

ልጅቱ ውጫሌ ክሊኒክ የምትሠራ ጤና ረዳት ነበረች፤ አባቷ ከውጫሌ በላይ፣ አምባሰል ገጠር ውስጥ ያሉ ገበሬ ናቸው። የተዋወቅነው ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሥልጠና በተጠራንበት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ወደ ደሴ ስታልፍም ስትመለስም፣ አውቶቡሱ ሐይቅ በሚቆምባት ጥቂት ጊዜ በመስኮት እናወራለን። ስለ ትዳር ግን አንድም ቀን ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። በሀገሩ ደንብ መተንፈስ ያለባቸው ሽማግሌዎች ናቸው። እነሱም ቢሆኑ የሚተነፍሱት ለእሷ ሳይሆን ለአባቷ ነው።

ደንቡ እንዲህ ነው። ሽማግሌዎቹ የልጅቱ አባት ቤት ይሄዳሉ። ግቡ ሲባሉ ይገባሉ፤ ተቀመጡ ሲባሉ ግን «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ይቆማሉ። ቆመውም «ልጃችሁን ለልጃችን» ይላሉ። አባት ልቡ ቢፈቅድ እንኳ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ ልጁን ለማውጣት የቸኮለ ያስመስልበታል። «ሰምተናል፤ ሌላ ቀን ኑ» ብሎ ይሸኛል። ሄደው ይመለሳሉ። የፈቀደ ዕለት «በሉ ተቀመጡ» ይላቸዋል፤ ቁጭ ካሉ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። እኔ ይህን ሁሉ ቲያትር እለው ነበር። ሁሉም የየድርሻውን ቃል የሚያውቅበት፣ ዋናዋ ተዋናይት ብቻ ጓዳ ተደብቃ የምታዳምጥበት ቲያትር። የምኮራው በትርጉም ልብ ወለዶች ነበር፤ እዚያ ወንዱ ራሱ ይጠይቃል፣ ሴቲቱም ራሷ ትመልሳለች።

አንድ ቀን አውቶቡሱ ሐይቅ ሲቆም አንገቷን በመስኮት አወጣች።

«አባቴ ጋ ሰዎች መጥተው ነበር» አለችኝ።

«ምን አሉ?»

«ምን ይላሉ? ቆመው ነዋ የተናገሩት።»

«አባትሽስ?»

«ከመስቀል በኋላ ኑ አሏቸው።»

ከዚያ አውቶቡሱ እስኪነሣ ድረስ ዐይኗን ከእኔ ላይ አላነሣችም። መስቀል ሩቅ አልነበረም።

ያን ምሽት ነገሩን ለጋሼ አጫወትኳቸው።

«እኔ ነኝ የምሄድልህ» አሉ ወዲያው። «አንድ ቄስ፣ አንድ ሼህ፣ እኔ ሦስተኛ። ማን ይመልሰናል?»

«ጋሼ፣ እኔ የማገባው አባቷን አይደለም። እሷን ራሷን ነው የምጠይቅ።»

«ሱብሃነላህ! ምን ብለህ?»

«ታገቢኛለሽ ወይ ብዬ።»

«እንዲህ ፊት ለፊት? እንደ በርበሬ ዋጋ?»

«እንዲያ ነው።»

«የትስ ነው የምትጠይቃት?»

«ደሴ።»

«ይኸ ሐይቅ ምን በደለህ?»

ሐይቁ አልበደለኝም። ነገር ግን ዳር ላይ ወንድና ሴት ጎን ለጎን ከተቀመጡ ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ውጫሌ ይገባል። ደህናው ጥላና ጸጥታ ያለው ደግሞ እስጢፋኖስ ገዳም ነው፤ እዚያ ሴት አትገባም። ስለዚህ ትልቅ ከተማ ያስፈልገኝ ነበር። ለእኛ ትልቅ ከተማ ደሴ ናት፤ ሰው ሰውን ሳያውቅ የሚተላለፍባት።

ለትልቅ ከተማ የሚሆን ገንዘብ ግን አልነበረኝም። ደመወዜ ለእናት አገር ጥሪ፣ ለድርቅ፣ ለመሰብሰቢያ አዳራሹ ከተቆረጠ በኋላ የሚተርፈው ለአንድ ወንደላጤ ሽሮም አይበቃም ነበር። ስለዚህ አሰብኩበት። ሆቴልና ምሳ ተሰረዙ። ቀለበት የቡርዡዋ ነገር ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ፤ በዚያ ዘመን ለድህነት እንዲህ ያለ የተከበረ ስም ማግኘት ቀላል ነበር። እሷ የክትባት መድኃኒት ለማምጣት ደሴ የምትሄድበትን ቀን መረጥኩ፤ በዚህም የእሷን መሳፈሪያ መንግሥት ቻለልኝ። ካቦርት ከጋሼ ተዋስኩ። የቀረኝ ሁለት ኬክና ሁለት ሻይ ብቻ ነበር። ቀደም ብዬ ደሴ ሄጄ ፒያሳ ካሉት ኬክ ቤቶች አንዱን አጠናሁ። ጉሙ ሲገለጥ ጦሳ ተራራ የሚታይበት መስኮት አጠገብ ሁለት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ አገኘሁ። እንደ ጦር አዛዥ ቦታውን ያዝኩና ተመለስኩ።

በቀጠሮው ዕለት ማለዳ ደሴ መግቢያ ላይ፣ ኬላው ጋ ተሳፋሪዎቹ ሁሉ ወርደን ተፈተሽን። ፈታሹ ወታደር ካቦርቱ ኪስ ውስጥ የጋሼን የሶላት መቁጠሪያ አገኘ። መታወቂያዬን አየ፤ የታቦት ስም ነው። ማተቤን አየ፤ መቁጠሪያውን አየ።

«የወሎ ልጅ ነህ?» አለኝ።

«ነኝ።»

«እለፍ።»

እሷን ያገኘኋት ከጤና ቢሮው ስትወጣ ነው። ክትባቱ ያለበትን፣ በረዶ የተሞላ ሳጥን በትከሻዋ አንግታለች። ልቀበላት ብል «ታዘነብለዋለህ» ብላ ከለከለችኝ። ፒያሳ ድረስ በካፊያ ተጓዝን። ኬክ ቤቱ በር ላይ ስደርስ የመረጥኳት መስኮት አለች፤ ጠረጴዛዋም አለች። ወንበሮቹ የሉም። በቤቱ ውስጥ አንድም ወንበር የለም። ሰዉ ብርጭቆውን ይዞ እንደ ቀብር ላይ ሰው ቆሟል።

«ወንበር የለም እንዴ?» አልኩት አስተናጋጁን።

«ወንበሮቹ ስብሰባ ሄደዋል።»

«መቼ ይመለሳሉ?»

«የቀበሌው ስብሰባ ሲያልቅ ነዋ።»

ያ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አገር ውስጥ እንደሌለ ሦስታችንም ተግባባን።

ኬኩም የለም፤ ስኳር ከጠፋ ሰንብቷል። ሻዩ በከረሜላ ነው የሚጠጣው። መስኮቱ ጋ ቆምን። ጦሳ በጉም ተሸፍኗል። ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ክዳኑን በእጇ ዳሰሰች። እኔ ለሳምንታት ያጠናሁትን ንግግር ጀመርኩ። ስለ ሰው ልጅ ነፃነት፣ ስለ ሁለት ነፍሶች መገናኘት የሚያወራ ንግግር ነበር፤ ደግነቱ ዛሬ አላስታውሰውም።

«የምትለው ካለ ቶሎ በል» አለችኝ መሐል ላይ። «በረዶው እየቀለጠ ነው።»

«ታገቢኛለሽ?» አልኩ።

ብርጭቆ ይዤ፣ የሰው ካቦርት ለብሼ፣ ከረሜላ በጎረሰ አፍ ነው ያልኩት። ብርጭቆዋን ከሳጥኑ አጠገብ አኖረች። ነጠላዋን አስተካከለች። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ሰምቻለሁ» አለች። «ሌላ ቀን ና።»

በዚያ ዘመን «ሌላ ቀን ና» ያልተባልኩበት መሥሪያ ቤት አልነበረም። ዝውውር ስጠይቅ ተብያለሁ። ስኳር ስጠይቅ ተብያለሁ። ትርጉሙንም ጠንቅቄ አውቀው ነበር፤ የለም ማለት ነው። የለም ለማለት ያፈረ ሰው፣ ወይም አንተን ሲያመላልስ ደስ የሚለው ሰው የሚናገረው «የለም» ነው። የእሷ ከኀፍረት የመጣ መሆን አለበት ብዬ ራሴን አጽናናሁ። በአውቶቡሱ አብረን ተመለስን። ሳጥኑን ጉልበቴ ላይ እንድይዝላት ፈቀደችልኝ፤ ብርዱ ሱሪዬን አልፎ ተሰማኝ። እስከ ሐይቅ ስለ በረዶ ብቻ አወራን። ስወርድ ሳጥኑን አቀበልኳት።

«ደህና ሁን» አለች፤ ሌላ ነገር የምትጠብቅ ትመስል ነበር። እኔ ግን ተዋርጃለሁና ዞር ብዬም አላየሁ።

ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት ወደ ክፍሌ፣ ከክፍሌ ወደ ትምህርት ቤት ሆነ ኑሮዬ። አውቶቡስ ወደሚቆምበት አልሄድም። ልጆች የመስቀል ችቦ የሚሆን እንጨት ይሰበስቡ ጀመር፤ ችቦ ባየሁ ቁጥር የቀረውን ቀን እቆጥራለሁ። በመጨረሻ ጋሼ በሬን ገፍተው ገቡ።

«ካቦርቴን ነው እንዴ ያገባኸው?»

«ይቅርታ ጋሼ፣ ልመልስልዎ ነበር።»

«ካቦርቱ ይቆይ። ልጅቱ ምን አለች?»

«ሌላ ቀን ና አለች።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«አልፈልግህም ማለቷ እኮ ነው።»

ጋሼ አጠገቤ ተቀመጡ። ደስ አላቸው ማለት አልችልም፤ ግራ ነው የተጋቡት። ጺማቸውን ይዘው ትንሽ አሰቡ።

«ቆመህ ነው ተቀምጠህ የጠየቅካት?»

«ቆሜ ነው። ወንበር አልነበረም።»

«እሷስ በትክክል ምን አለችህ?»

«ሰምቻለሁ፤ ሌላ ቀን ና።»

መጀመሪያ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከዚያ አልቻሉም፤ ዐይናቸው እንባ እስኪያወጣ ሳቁ።

«ያ ረቢ! ይቺ ልጅ የአባቷን ቃል ነው የወሰደችው! ቆመህ ስታይህ እንደ ሽማግሌ የመጣህ መስሏታል። አሁን ተመልሶ ይመጣል ብላ ትጠብቃለች፤ አንተ እዚህ ተኝተሃል! ሽማግሌ አንድ ጊዜ ሄዶ ከቀረ ምን ይባላል? ንቆናል ነው የሚባል። እነዚያ ሰዎች ግን፣ ወላሂ፣ መስቀል ባለፈ በማግሥቱ በሩ ላይ ናቸው።»

«አሁን ምን ላድርግ?»

«አብሽር። ካቦርቱን ልበስ።»

በማግሥቱ ጨው የጫነ ኤንትሬ መኪና ላይ ሆነን ውጫሌ ገባን፤ እኔ ከጆንያው ላይ፣ ጋሼ ከሾፌሩ አጠገብ። በመንገድ ላይ ማሰቢያ ጊዜ ነበረኝ። እስካሁንም ያን ያሰብኩትን አልቀየርኩም። ወግ ጠባቂዎች ሴት ልጅ በወጉ ታፍራና ተከብራ ትኖር ነበር ይላሉ፤ ውሸት ነው፣ ማንም አይጠይቃትም ነበር። እንደኔ ያሉ አንባቢዎች ደግሞ ወጉን ጥሎ መጠየቅ ነፃነት ነው እንላለን፤ እኔም ጥዬ ጠየቅኋት፤ ነገር ግን የመጽሐፌን ቃል ይዤ ነበር የሄድኩት፤ የምትመልስልኝንም ከዚያው መጽሐፍ ነበር የጠበቅሁ። እሷ ሁለታችንንም አልሰማችም። የአባቷን ወንበር ሳበችና ራሷ ተቀመጠችበት። በደንቡ አንዲት ሴት አንድን ወንድ ሂድና ተመለስ፣ ምን ያህል እንደምትፈልገኝ ልየው ማለት የምትችልበት ሌላ ቃል አልነበረም። ያለውን ቃል ወሰደች።

በክሊኒኩ የክትባት ቀን ነበር። እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። በሩ ላይ ስንቆም አየችን። መርፌዋን አላቋረጠችም። ጋሼ ከውጭ፣ ግድግዳው ጥግ ቆሙ፤ እኔ ከውስጥ፣ በሩ አጠገብ። ሕፃናቱ በየተራ ይጮኻሉ። አንዲት እናት ጠጋ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ።

«ወንድሜ፣ ቁጭ በል እንጂ። እንዲህ ተገትረህ ትውላለህ?»

«እንዳትቀመጥ!» አሉ ጋሼ ከውጭ፣ በመስኮት።

ሴቲቱ ደነገጠች። «ምን ሆኗል? አሞታል?»

«አሞታል» አሉ ጋሼ። «መቀመጥ የሚከለክል በሽታ ነው።»

እናቶቹ ሳቁ። ከመካከላቸው አንዷ ነገሩ ገብቷት በጆሮ ለጎረቤቷ ነገረቻት፤ ያቺም ለቀጣይዋ። ወሬው አግዳሚውን ጨርሶ እሷ ጋ ሲደርስ ፊቷን ወደ መድኃኒት መደርደሪያው አዞረች። ወገቤ ዛለ፤ ካቦርቱ ከበደኝ። ሌላ ንግግር አላዘጋጀሁም። የመጨረሻው ሕፃን ተወግቶ ሲያበቃ እጇን ታጠበች፤ በፎጣ ቀስ ብላ አደረቀች፤ ፊቴ መጥታ ቆመች።

«መጣሁ» አልኳት።

«አየሁ። ዘገየህ።»

«ዘገየሁ።»

ወደ ሴቶቹ፣ ወደ መስኮቱ፣ ከዚያ ወደ እኔ አየች።

«ተቀመጥ» አለችኝ።

አንዷ እናት እልልታዋን ለቀቀችው። እኔም ዞር ብዬ ሳላይ አጠገቤ ያገኘሁት ነገር ላይ ቁጭ አልኩ።

«ኧረ እዚያ ላይ አይደለም!» ብላ ጮኸች ልጅቱ። «ሳጥኑ ላይ! ክትባት አለበት እኮ!»

ተነሣሁ፤ እናቶቹ እየሳቁ አግዳሚው ላይ ጎትተው አስቀመጡኝ። ጋሼ በመስኮቱ ራሳቸውን አስገቡ።

«ልጄ፣ እኔስ ሥራ ፈታሁ ማለት ነው?»

«ኧረ የለም አባባ» አለቻቸው። «እኔ የራሴን ተናገርኩ። የአባቴ ይቀራል። ሲጠይቀኝ ምን እንደምል አሁን አውቃለሁ፤ መጀመሪያ ግን የሚቆምለት ሰው ይፈልጋል።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ጋሼ። ቄሱንና ሼሁን ከመንገድ እንደሚያገኙ ነገሩን፤ ዱላቸውን አነሡ፤ የአምባሰልን ዳገት ተያያዙት። እሳቸው ሊቆሙ ሄዱ። እኔ ተቀምጬ ቀረሁ።