የመምህርቷ ድምፅ የነበረበት ካርድ

ይህን የምጽፈው በትምህርት ቤታችን እንደ እውነት ሲነገር የኖረ አንድ ሐሰት ስላለ ነው። የአንደኛ ክፍል መምህርት የነበሩት ባልደረባችን በድምፃቸው የቀዷቸውን ትምህርቶች «ቫይረስ በላቸው» ይባላል። ይህን የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ ሌሎቹ እኔን አምነው ደገሙት። ቫይረስ አልበላቸውም። ጽሑፉ ከማንም በፊት ለእሳቸው ይደርሳል።

ትምህርት ቤቱ ከቀየት ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከጓሳ ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ የቆርቆሮ ጣሪያውን ሲደበድብ የሚውልበት አፋፍ ላይ ነው። ከኮሌጅ እንደወጣሁ የተመደብኩት እዚያ ነበር። ኮምፒውተር አስተምራለሁ፤ በተጨማሪም መምህራን በየክፍላቸው በቴክኖሎጂ እንዲገለገሉ የማገዝ ኃላፊነት ተሰጥቶኛል። ቴክኖሎጂ የምንለው አንድ የቢሮ ኮምፒውተርና በየኪሳችን ያሉትን ሞባይሎች ነው። እኔ ግን ያነበብኩትን ሁሉ ማሳየት እወድ ስለነበር ሥልጠናውን በትርጓሜ ጀመርኩት፤ በሁለተኛውም ቀን ገና ከትርጓሜ አልወጣሁም። የስፖርት መምህሩ እጁን አወጣ።

«ጋሼ ኮምፒውተር» አለኝ፣ በዕድሜ አባቴ ሊሆን ጥቂት የቀረው ሰው፣ «ትርጓሜው ገብቶናል። ይሄ ነገር ፊሽካ ይነፋልኛል ወይስ አይነፋልኝም?»

ሁሉም ሳቀ። ያልሳቁት መምህርቷ ብቻ ነበሩ።

«ፊሽካውን ተወው» አሉ በሻከረ ድምፅ፤ «የሰው ድምፅስ ይይዛል?»

ሳቁ ቆመ፤ ለምን እንደጠየቁ ሁሉም ያውቃል። ከሃያ ዓመት በላይ ከዚያ ጣሪያ ድምፅ በላይ ሲጮኹ ጉሮሯቸው ተጎድቶ፣ ደብረ ብርሃን ያለው ሐኪም ድምፃቸው እየሄደ መሆኑንና እንደማይመለስ ነግሯቸዋል። ርዕሰ መምህሩም በአክብሮት፣ ነገር ግን በግልጽ፣ አንደኛ ክፍል በሹክሹክታ እንደማይማር፣ እስከ መንፈቀ ዓመቱ ማብቂያ መፍትሔ ካልተገኘ ወደ መጻሕፍት ክፍል እንደሚዛወሩ አስታውቀዋቸዋል። እሳቸው ደግሞ ከአንደኛ ክፍል ሌላ ማስተማር ፈልገው አያውቁም።

ድምፃቸው ጠዋት ጠዋት ይሻል ነበርና ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓቱ በፊት እየመጡ መቅዳት ጀመሩ። ነፋሱ እንዳይገባ ጋቢያቸውን በራሳቸውና በሞባይሉ ላይ ጥለው ይቀመጣሉ። ከውጭ ለሚያያቸው የሚጸልዩ ይመስላሉ። የመጀመሪያው ቅጂ ከሸፈ፤ ቃላቱን በተከታታይ አንብበዋቸው ስለነበር ሕፃናቱ አንዱን ሳይመልሱ ሌላው እንደሚመጣባቸው ስናዳምጠው ገባን። በማግሥቱ ከእያንዳንዱ ቃል በኋላ ዝም እያሉ ቀዱ።

«ዝምታውን በምን ለኩት?» አልኳቸው።

«በሆዴ እነሱን ሆኜ እመልሳለሁ። ቀስ ብሎ የሚመልሰውን ልጅ ነው የምሆነው።»

የሞባይሉን ሚሞሪ ካርድ አውጥተን በትንሽ ስፒከር ላይ ሰካነው፤ ስፒከሩን በጥቁር ሰሌዳው አጠገብ በምስማር ሰቀልነው። አንዲት ልጅ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

«እትዬ፣ እርስዎ እዚህ ሆነው እዚያ ማን ነው የሚናገረው?»

«እኔው ነኝ፤ የጠዋቷ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕፃናቱ ስፒከሩን «የጠዋቷ እትዬ» አሉት። የጠዋቷ ስትጠራ እሳቸው በወንበሮቹ መካከል እየዞሩ እርሳስ የያዘውን እጅ ያቃናሉ፤ ፊደሉን የሚያበላሸውን ከንፈር ያያሉ። «ለካ ስጮህ አፋቸውን አላይም ነበር» አሉኝ አንድ ቀን። ስለ ትምህርት ቴክኖሎጂ ካነበብኩት ሁሉ ይህን የሚያህል አላገኘሁም።

ርዕሰ መምህሩ ክፍሉን ጎብኝተው ተደሰቱ። በዚህ ከቀጠለ መምህርቷ እንደማይዛወሩ ተናገሩ፤ እኔንም አሠራሩን ለሌሎቹ መምህራን እንዳሳይ አዘዙኝ። ካርዱን ወደ ቢሮ ወሰድኩት። መምህርቷ፣ የስፖርት መምህሩና ሁለት ሌሎች ከኋላዬ ቆሙ። የቢሮው ኮምፒውተር በየሱቁ መዝሙር በተጫነባቸው ፍላሾች እንደተበከለ አውቅ ነበር። እያወቅሁ ሰካሁት። የመምህርቷ ፎልደሮች ሁሉ ወደ አቋራጭ (ሾርትከት) ምልክት ተለወጡ፤ ብነካቸው አልከፈት አሉ።

«ብርድ መታው እንዴ?» አለ የስፖርት መምህሩ።

ቫይረሱ ምን እንዳደረጋቸው አላውቅም ነበር። «አላውቀውም» ማለት ይበቃኝ ነበር፤ ነገር ግን አሠልጣኝ ነኝ፣ አራት ሰው ከኋላዬ ቆሟል። ከተማ ውስጥ አንድ ባለሱቅ ካርድ «ሲያጸዳ» አይቼ ስለነበር እሱ ሲነካ ያየሁትን ነካሁ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ወጣ። በካርዱ ላይ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ ይናገራል። እስከ መጨረሻው አነበብኩት።

«ምን እያለ ነው?» አሉ መምህርቷ፣ መነጽራቸውን በኪሳቸው እየፈለጉ።

«ልቀጥል ወይ ነው የሚለው፣ እትዬ።»

«ታዲያ ቀጥል በለዋ።»

ተጫንኩት። ካርዱ ተከፈተ፤ ባዶ ነበር።

«የታሉ?»

«ቫይረሱ በልቷቸዋል።»

«ከጅብ የባሰ!» አለ የስፖርት መምህሩ፤ «ጅብ እንኳ ቀንድ ያስተርፋል።» የሳቀለት አልነበረም፤ እሱም አንገቱን ደፋ።

መምህርቷ በማግሥቱ ጠዋት ተመልሰው ከጋቢያቸው ሥር ገቡ። ያን ጊዜ ግን የጠዋቱ ድምፅ ከማታው አይለይም ነበር። የቀዱትን ከፍተው አዳመጡ።

«ይሄን የሰማ ሕፃን ፊደል አይቆጥርም፤ ወደ እናቱ ነው የሚሮጠው» ብለው ሞባይሉን ዘጉት። መንፈቀ ዓመቱ ሲያልቅ ወደ መጻሕፍት ክፍል ተዛወሩ።

በክረምቱ ለሥልጠና ደብረ ብርሃን ሄድኩ። አሠልጣኙ በዚያው ቫይረስ የተያዘ ፍላሽ ሰክቶ አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፈ፤ ፋይሎቹ ሁሉ በየቦታቸው ብቅ አሉ። ይህ ቫይረስ ይሸሽጋል እንጂ አያጠፋም። የመምህርቷም ድምፅ እኔ እስክጫን ድረስ ካርዱ ላይ ነበር። ስልክ የተደወለልኝ መስዬ ከአዳራሹ ወጣሁ።

እንደተመለስኩ ልነግራቸው ወደ መጻሕፍት ክፍሉ ገባሁ። የተገነጣጠሉ የአንደኛ ክፍል መጻሕፍትን በመርፌና በክር እየሰፉ አገኘኋቸው። አፌን ሳልከፍት ገና እጄን ይዘው በሹክሹክታ ቀደሙኝ።

«አሁንም ያ ነገር ከፊትህ አልወረደም። ተው ልጄ። ገብስ የመታን በረዶ ማን ይከሰዋል?»

«እውነትዎን ነው» አልኩ። ከነገርኳቸው ውሸት ሁሉ ይህኛው ይከብደኛል። ከጎናቸው ተቀምጬ መጽሐፉን ያዝኩላቸው፤ እሳቸው መስፋታቸውን ቀጠሉ።

በካርዱ ላይ የነበረው ይህ ነው፤ ሠላሳ ሦስት የፊደል ትምህርት፣ አሥራ ሁለት የንባብ ትምህርት፣ አምስት ተረት፣ አንድ የቁጥር መዝሙር። ሌላ ቅጂ አልነበረም።