ጃፓኑ ነው ያለው

አስቀድሜ ልናገር። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እትዬ ባዩሽን «አሉ»፣ ኃይለመለኮትን ግን «አለ» እያልኩ ነው የምጽፈው። ሰውዬው ሰማንያ ዓመት እየተጠጋው ነው፤ እኔ ዘገዬ ገና ስድሳ አልሞላኝም። ፊት ለፊት ስንገናኝ «ጋሼ፣ እርስዎ» እለዋለሁ፤ እናቴ ያሳደገችኝ እንደዚያ ነው። ወረቀት ላይ ግን እናቴ የለችም፣ ስለዚህ እንደ ልቤ እጠራዋለሁ። ቅር ካለው ቅር ይበለው።

ዋሽንግተን አጠገብ፣ አሌክሳንድሪያ አንድ አፓርትመንት ውስጥ ነው የምንኖረው፤ እኔ ሦስተኛ ፎቅ፣ እሱ ከልጁ ጋር አምስተኛ። መኪና ስለማይነዳ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ የእድራችን አዳራሽ ድረስ የማደርሰው እኔ ነኝ። ሽማግሌ ጥሎ አይኬድም። ድልድዩን ተሻግረን ቀለበት መንገዱን፣ ቤልትዌዩን፣ እስክንጨርስ ድረስ የቀበናውን የአባቱን ግቢ፣ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ያጠናበትን ዘመን፣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ ኮሪደር ላይ ስንት ሰው ከመቀመጫው ይነሣለት እንደነበር ይነግረኛል። አንድ ቀን እንኳ «አንተስ እንዴት ነህ?» ብሎኝ አያውቅም። የእድሩም ሊቀ መንበር እሱ ነው። ሌላ ሰው አጥተን አይደለም፤ ወንበሩን አልለቅም ስላለ ነው።

እትዬ ባዩሽ መንዝ ተወልደው፣ ገና በልጅነታቸው ቀበና የመጡት ለዚሁ ለኃይለመለኮት እናት ቤት ነው። ለወላጆቻቸው «ትምህርት ቤት እናስገባታለን» ተብሎ ነበር፤ የገቡት ማድ ቤት ነው። እሱ ደብተሩን ይዞ ሲወጣ ጫማውን ይወለውሉለት፣ ማታ ሲመለስ እግሩን ያጥቡት ነበር። ሃያ ዓመት ካለፋቸው በኋላ እዚያው ሰፈር ለሚኖር የጃፓን ዲፕሎማት ሞግዚት ሆነው ተቀጠሩ። ሰውዬው ወደ ዋሽንግተን ሲዛወር ሕፃኑ ያለ እሳቸው አልተኛም ስላለ ይዟቸው መጣ። ጃፓኖቹ ሄዱ፣ እሳቸው ቀሩ። ሆቴል ውስጥ የሰው አልጋ ሲያነጥፉ ኖሩ፤ ታክሲ ነጂውን ዓምደሚካኤልን አገቡ፤ ሁለት ልጅ አሳድገው አስተማሩ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሰፊ ጓሮ ያለው ቤት ገዙ። እድሩ ውስጥ ትንሽ ትልቁ «እትዬ፣ እርስዎ» ይላቸዋል፤ ከአንድ ሰው በቀር። ኃይለመለኮት ልጁ አምጥታው አሜሪካ የገባ ሰሞን እድሩ ላይ አገኛቸውና «አንቺ ባዩሽ! እዚህ ነሽ እንዴ?» አላቸው። ከዚያ ወዲያ ያ አፍ አልተመለሰም።

ዓምደሚካኤል የሞተ ጊዜ ለቅሶው እቤታቸው ነበር። እትዬ ባዩሽ ጥቁር ለብሰው ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሳሎኑ ጢም ብሏል። ኃይለመለኮት እንደ ሊቀ መንበርነቱ ሶፋው ላይ ተንሰራፍቶ ስለ ሞት ረጅም ንግግር አደረገ። ንግግሩ ጉሮሮውን ሲያደርቅበት ዞር አለና «ባዩሽ፣ ተነሺና ውኃ አምጪልኝ» አላቸው። ባሏን ትናንት የቀበረችን ሴት! እኛ ደንግጠን ስንተያይ እሳቸው ተነሥተዋል። ነጠላቸው መሬት እየጠረገ ኩሽና ገቡ፣ ብርጭቆውንም በሁለት እጃቸው አቀረቡለት። ጠጣና ባዶውን መለሰላቸው። ልጃቸው ሳሌም ይህን አይታ ፊቷን በእጇ ሸፍና ወጣች።

ከአርባው በኋላ ልጠይቃቸው ስሄድ እትዬ ባዩሽ ራሳቸው አነሡት። «እጄ ነው የታዘዘው፣ የለመደ እጅ ነዋ» አሉኝ። «ግን ስማኝ ዘገዬ፤ ከሁለት አንዳችን ሳንሞት፣ ከዚያ አፍ፣ ሰው ፊት ‹እርስዎ› ሳልባል አልቀርም።» የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። እሳቸው ግን ማሳሸት አልነበረም የፈለጉት፤ አፉን መልሰው ማቃናት ነበር።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ቤዛዊት መጣች። ቤዛዊት የእድራችን ልጅ ናት፤ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው፤ ኮሌጅ ፓርክ ያለው ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ውስጥ የድሮ ቴአትር ቅጂዎች ክፍል ትሠራለች። አንድ የጃፓን ቴአትር ቡድን የእንግሊዝ ነገሥታትን ታሪክ መድረክ ላይ በጃፓንኛ ሲጫወት የተቀዳ ብዙ ፊልም አላቸው፤ «ለኮሚዩኒቲው ሾው እናድርግ» አለች። የእንግሊዝ ንጉሥ በጃፓንኛ ለሐበሻ ሽማግሌ! እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ኃይለመለኮት ግን «ነገሥታት» የሚለውን ሲሰማ ዐይኑ በራ። «ከሥሩ እንግሊዝኛ ተጽፎበታል አይደል? እኔ እተረጉማለሁ» አለ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ግፍ ነበር። ከስክሪኑ ፊት ተገተረ፤ የራሱ ጥላ ንጉሡ ፊት ላይ አረፈ። አንድ መስመር ያነብና ለረጅም ሰዓት ሌክቸር ይሰጣል፤ ፊልሙ ጥሎት ሲሄድ «ፖዝ አድርጊው!» እያለ ይጮኻል። ግማሹ ሰው ተኛ፤ ነቅቶ የቀረው ሰዓቱን ያያል። በመጨረሻ ቤዛዊት ሰለቻት።

«ጋሽ ኃይለመለኮት፣ አንተ ብዙ ታወራለህ» አለችው።

«‹አንቱ› በይ! ማን ነው ያሳደገሽ?»

«ኦኬይ፣ ሶሪ። አንቱ ብዙ ታወራለህ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሳይበርድ ከኋላ ወንበር የእትዬ ባዩሽ ድምፅ መጣ። «ጃፓንኛውን እኔ እሰማለሁ። ጃፓን ቤት ኖሬ የለ? እኔ ልንገራችሁ።»

«አንቺ?» አለ ኃይለመለኮት። «ይሄ እኮ የቤተ መንግሥት ጃፓንኛ ነው፣ የጓዳ አይደለም።»

ሰው ግን «እሳቸው ይንገሩን!» ብሎ አጨበጨበ። እሱም አኩርፎ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ።

በሁለተኛው ቅዳሜ እትዬ ባዩሽ ማይኩን ይዘው፣ ወንበራቸው ላይ እንደ ተቀመጡ ጀመሩ። የጃፓኖቹ ነገሥታት ቀበና የተወለዱ መሰሉ። ሽማግሌው ንጉሥ ልጁን «ዘውድ እንደ ሰው ጫማ ነው ልጄ፣ ልክህ ካልሆነ ያቆስልሃል» አለው። ንግሥቲቱ «የልጄን ደም የጠጣ ውኃ ይጥማው!» ብላ ረገመች፤ ሴቶቻችን አብረዋት አለቀሱ። እንግሊዝኛውን የምናነብ ሰዎች እዚያው ነበርን። ከሥር የተጻፈው ሌላ፣ እሳቸው የሚሉት ሌላ ነበር። ዝም አልን፤ የሳቸው ይሻል ነበር።

ሲወጡ ፓርኪንጉ ላይ ጠጋ አልኳቸው። «እትዬ፣ እውነት ጃፓንኛ ይችላሉ?»

«እመቤቲቱ አማርኛ ተምራ ነበር፤ እኔን የምታናግረኝ በአማርኛ ነው» አሉ። «እኔ የማውቀው ሦስት ነገር ነው። ‹ሻይ ላምጣልዎ?› ‹ልጁ ተኝቷል።› ‹ይቅርታ ያድርጉልኝ።›»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ከየት ያመጡታል?»

መኪናቸውን ከፍተው ገቡና መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። «ከቀበናው ማድ ቤት» አሉኝ። «ቅዳሜ እንዳትቀር። ቤዛዊትን ጠይቄያታለሁ፤ የሚቀጥለው ንጉሥ የሚሻርበት ነው አለችኝ። እሱንም እንዳታስቀረው።»

ምን ሊያደርጉ እንደሆነ አላወቅኩም፤ ለማን እንደሆነ ግን ገብቶኛል። በሳምንቱ ኃይለመለኮት «ወገቤን አሞኛል፣ መቅረቴ ነው መሰለኝ» ቢለኝ «ጋሼ፣ ሊቀ መንበር ከሌለ አያምርም» ብዬ ደግፌ መኪና ውስጥ አስገባሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደግፌው አላውቅም።

ሰው ከሌላው ጊዜ ይበልጥ መጥቷል። ፊልሙ ሄዶ ሄዶ መሻሩ ላይ ደረሰ። አዲሱ ንጉሥ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ የተሻረው፣ ቀጭን ሽማግሌ፣ ጥቁር ለብሶ መሬት ላይ ተንበርክኳል። እትዬ ባዩሽ እስከዚያ ድረስ ይህን ሽማግሌ ሁሉም ሰው «እርስዎ» እንዲለው አድርገው ነበር የተረጎሙት። አሁን አዲሱ ንጉሥ አጭር ነገር ተናገረ። እሳቸው ማይኩን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«‹አንተ› አለው። ‹ተነሣና ውኃ አምጣልኝ።›»

አንዲት ሴት «ውይ!» አለች። ለቅሶው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ቀና አለ።

«የተሻረው ደግሞ ‹ሐዘን ላይ ነኝ እኮ፣ የሞተብኝን ሰው ትናንት ነው የቀበርኩት› አለ። ንጉሡም ‹ሐዘንህ የትም አይሄድብህም፤ የኔ ጉሮሮ ግን ደርቋል› አለው።»

«አቁሚው!» ኃይለመለኮት ቆሟል። ቤዛዊት ፊልሙን አቆመች። «ይሄ የለም! የትኛው ታሪክ ላይ ነው ንጉሥ ውኃ ቀጂ የሆነው? ፈጥረሽ ነው የምታወሪው አንቺ!»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አሉ እትዬ ባዩሽ ከወንበራቸው ሳይነቃነቁ። «ጃፓኑ ነው ያለው።»

«ቤዛዊት! እንግሊዝኛው ምን ይላል? አንብቢው!»

እንግሊዝኛው ስክሪኑ ላይ ቆሟል። እሱ ዐይኑን ሞራ ጋርዶታል፣ ስክሪኑ ሥር ካልተገተረ አይታየውም፤ እኔ ግን አነብ ነበር። ዘንድሮ ዝናቡ በዝቷል፣ የወንዙ ድልድይ ሳይሰበር አይቀርም ነው የሚለው። ቤዛዊት ጽሑፉን አየች፣ እትዬ ባዩሽን አየች፣ ከዚያ ወደ ኃይለመለኮት ዞረች።

«እሳቸው ያሉትን ነው የሚለው» አለች። ዕድሜ ልኳን አልስተካከል ያላት አማርኛ ያን ቀን ተስተካከለላት።

ኃይለመለኮት ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ ሳል ያዘው። ሳለ፣ ሳለ፣ ፊቱ ቀላ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሦስት ሰው ይሮጥለታል። ያን ቀን ማንም አልተነሣም፤ እኔም አልተነሣሁም፤ ደስ ብሎኝ ነው የተቀመጥኩት። እጁን እንደ ልማዱ ወደ እትዬ ባዩሽ ዘረጋ። «ባዩሽ፣ ውኃ አም—» አለና የሰውን ዐይን አየ። አዳራሹ በሙሉ እሱን ነበር የሚያየው። ቃሉን ዋጠው።

«ወይዘሮ ባዩሽ» አለ ቀስ ብሎ። «እባክዎን፣ ውኃ ይስጡኝ።»

እትዬ ባዩሽ ዐይናቸውን ጨፈን አድርገው ገለጡ። «ጠርሙሱ ከጀርባዎ ነው፤ ዘወር ይበሉና ይውሰዱ» አሉት።

ዘወር ብሎ ወሰደ። ክዳኑን ለመክፈት እንኳ ብዙ ታገለ። ሴቶቹ እትዬ ባዩሽን ከበው ጉንጫቸውን ሲስሟቸው እኔ ወንበር እያጠፍኩ ለብቻዬ እስቅ ነበር።

መልስ ላይ መኪና ውስጥ ቀበናንም ኮሪደሩንም አላነሣም። ድልድዩ ጋ ስንደርስ «ዘገዬ» አለኝ።

«አቤት ጋሼ።»

«ይቺ ልጅ ምን ነክቷት ነው?»

«ልጅ አይደሉም፣ የልጅ ልጅ አላቸው። ‹እሳቸው› ይበሉ፤ አለዚያ ቅዳሜ በሜትሮ ባቡር ይመጣሉ።»

መስኮቱን ተመለከተ። «እሺ፣ እሳቸው። ምን ነካቸው? የምን ውኃ ነው?»

የሚቀልድብኝ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁት። አልቀለደም። «የዓምደሚካኤል ለቅሶ ላይ» አልኩ ድምፄ ከፍ ብሎ፣ «ከፍራሽ ላይ አስነሥተው ውኃ ያስቀዱበት ነዋ!»

ግንባሩን ቋጠረ፣ አሰበ፣ ከልቡ አሰበ። «ለቅሶውን አስታውሳለሁ» አለ። «ንግግር አድርጌ ነበር። ጥሩ ንግግር ነበር። ውኃውን ግን… የለም፣ አላስታውስም።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሬ አውቀዋለሁ፤ አጠገቤ ቀበቶ አስሮ ተቀምጦ ሳየው ግን አልዋጥልህ አለኝ። እያወቀ ቢክድ ይሻለኝ ነበር። እስከዚያ ቀን የምጠላው ይመስለኝ ነበር እንጂ አልጠላሁትም ኖሯል፤ የጠላሁት ያን ማታ ነው። ከሊፍት ስወርድ «ደኅና ይደሩ» ሳልለው ቀረሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ከረባቱን አስሮ ጠበቀኝ፤ ሌላ ንጉሥ ሊያይ። አዳራሹ በር ላይ እትዬ ባዩሽ ቆመው ነበር፤ ፀጉራቸውን ተሠርተዋል፣ ፊታቸው ወዝቷል። እሱን አሳለፉና እኔን ክንዴን ይዘው አስቀሩኝ።

«መኪና ውስጥ ስለዚያ ነገር ምን አለ?» አሉኝ።

ልዋሽ አሰብኩ፤ አልሆነልኝም። «ትዝ አይላቸውም» አልኩ።

«ምኑ?»

«ውኃው። ውኃ ማዘዛቸው ትዝ አይላቸውም እትዬ።»

ክንዴን ለቀቁኝ። የሳምንቱ ደስታ ከፊታቸው ላይ ሲጠፋ አየሁ። ያን ሁሉ ዘመን የጠበቁት «እርስዎ» ለምን እንደተባለ የተናገረው ሰው ራሱ አያውቅም። እንባቸው መጣ፤ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉትና ገቡ።

ቤዛዊት አዲሱን ፊልም ልትከፍት ስትል ማይኩን አነሡ። «ተይው ልጄ» አሏት። «የባለፈውን ድገሚው።»

«እሱን እኮ አይተነዋል» አለ ኃይለመለኮት ከፊት ወንበር።

«አንተ አላየኸውም» አሉት።