በየሳህኑ የቀረበ እርቅ

አባቴና ወንድሙ ሰባት ዓመት ሳይነጋገሩ ኖረዋል። ያጣላቸው ውኃ ነው። ፎገራ ላይ ክረምት ሲገባ ሜዳው ሁሉ ውኃ ይተኛበታል፤ ውኃው ሲሸሽ ርጥቡ ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘራል። አንድ ክረምት የርብ ወንዝ ከልኩ አልፎ መጣና በሁለቱ ማሳ መካከል የነበረውን የድንበር ድንጋይ ደለል አለበሰው። ውኃው ሲጎድል አባቴ «እዚህ ነበር» አለ፤ ወንድሙ «የለም፣ እዚያ ነበር» አሉ። የተጣሉበት ቁራጭ ጥማድ በሬ አዙሮ ለመመለስ እንኳ አይበቃም። ቆሜበት አይቼዋለሁ። ሰው ለዚህ ይጣላል ወይ ብዬ ዛሬም ይገርመኛል።

አባቴ ታላቅ ነው፣ ገበሬ። ወንድሙ ታናሽ ናቸው፣ የቁሐር ሚካኤል ቄስ። ሰባት ዓመት ሙሉ አንዱ በመጣበት መንገድ ሌላው ይመለሳል። ለቅሶ ቤት እንኳ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣ ነበር። በኋላ አባቴን ሳል ያዘው። መጀመሪያ ብርድ ነው አልን፤ ከዓመት በላይ ሲቆይ፣ ትከሻው ሲሟሽሽ፣ ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ሲጠብቅ፣ ሁላችንም የምናስበውን ማንም በአፉ አላወጣውም። እኔ የምፈራው ሞቱን ብቻ አልነበረም። ከወንድሙ ሳይታረቅ እንዳይሞት ነበር የምፈራው።

ነገሩ በሃምሳዎቹ መጨረሻ ነው። እኔ ወረታ ካገባሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ ባሌ ለአንድ ነጋዴ እህል ይመዝናል። አንድ ቀን የአገራችን አስታራቂ ሽማግሌ በሬን አንኳኩ። ውኃ ጠጡ፣ አረፍ አሉ፣ ከዚያ ወሬውን አወጡት።

«ልጄ፣ በቃል አልቋል። ኸቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሁለቱም ይቅር ብለዋል። የቀረው ማዕድ ነው። ኸአንድ ገበታ ካልቆረሱ እርቁ እርቅ አይዶለም።»

«ታዲያ ምን ቸገረ?» አልኳቸው።

«ቦታው ነዋ። ኸአባትሽ ቤት ቢሆን ቄሱ ተሸንፈው መጡ ይባላል። ኸቄሱ ቤት ቢሆን አባትሽ ለምኖ ሄደ ይባላል። ያንቺም ቤት ያው የአባትሽ ወገን ነው። አንቺ የከተማ ሰው ሆነሻል፤ የማንም ያልሆነ ቤት ፈልጊልኝ።»

ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። የማንም ያልሆነ ቤት ማለት ምግብ ቤት ነው! የወረታን ምግብ ቤቶች ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አለ ብዬ አላስብም ነበር። እውነቱን ለመናገር ባሌ ይዞኝ የገባው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ግን ሁለት ጊዜ የገባ ሰው ምንም ካልገባ ሰው ይልቅ ይኮራል።

በዚያ ጊዜ ከባሕር ዳር፣ ከጎንደርና ከደብረ ታቦር የሚመጣው መኪና ሁሉ ወረታ ላይ ስለሚቆም፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ከየአገሩ የመጣ ሰው ድስት ጥዶ ነበር። በማግስቱ ነጠላዬን አጣፍቼ መምረጥ ጀመርኩ። የጎንደሯ ሴትዮ ጠጅ ቤት ቅልጥ ያለ ነው፤ ግን ሥጋው በር ላይ ተሰቅሎ፣ አዝማሪው ከጥዋት ጀምሮ ሰው እየሰደበ ይዘፍናል። ቄስ እዚያ ቢገቡ ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ቁሐር ይደርሳል። እሷን ተውኩ። የእስላሟን ሴትዮ ወጥ ወረታ ሙሉ ይመሰክርለታል፤ ግን የእስላም ሥጋ ክርስቲያን አይበላም፣ የክርስቲያኑንም እስላም አይበላም፤ በዚህ ማንም ማንንም አይቀየምም። እሷንም ተውኩ። ዓረቡ ሻይና ፉል አለው፤ ሻይ ግን ማዕድ አይባልም። ከጣና ዳር የሚመጣው ዓሣ የሚጠበስበት ዳስ ደግሞ ቆመው ነው የሚበሉበት። ሰባት ዓመት የተጣላ ሰው ቆሞ አይታረቅም።

የቀረችው የአስመራዋ ሴትዮ ናት። ቤቷን «ሆቴል» ትለዋለች። ጠረጴዛው ላይ አበባ ያለበት ላስቲክ ተነጥፏል፤ ወንበሩ መደገፊያ አለው፤ መኮሮኒ በስጎ ትሠራለች። እኔ ከባሌ ጋር ገብቼ የበላሁት ያን ነው፣ ጣዕሙ ሳምንት ከአፌ አልጠፋም። ገባሁና አንድ በአንድ ጠየቅኋት። ሥጋውን ማን ያርደዋል? ክርስቲያን። ጠጅ አለ? የለም። አዝማሪ? የለም። ማክሰኞ ቢሆንስ? ጾም አይደለም፣ ይሁን። ሁሉን ጠየቅኩ። አንድ ነገር ቀርቶኛል ብዬ አላሰብኩም። ራሴን በራሴ እያመሰገንኩ ቤቴ ገባሁ።

ማክሰኞ ዕለት አባቴ በበቅሎ መጣ፤ ቄሱ ከሽማግሌው ጋር በሌላ መንገድ በእግር መጡ። ሁለቱም ማዕዱን በባዶ ሆድ እንድረስ ብለው ቁርስ አልቀመሱም ነበር። ሆቴሉ በር ላይ ተገናኙ። አባቴ ራሱን ዝቅ አደረገ፤ ቄሱ መስቀላቸውን አወጡ፣ መልሰው ከተቱት። ከዚያ ገብተው ፊት ለፊት ተቀመጡ፣ ሽማግሌው ከራስጌ። እኔ እንደ ወጉ ቆሜ አስተናግዳለሁ። እጃቸውን አስታጠብኩ።

የአስመራዋ ሴትዮ መኮሮኒውን ይዛ መጣች። አንድ ሳህን አባቴ ፊት፣ አንድ ሳህን ቄሱ ፊት፣ አንድ ሳህን ሽማግሌው ፊት አኖረች። በየሳህኑ አጠገብ አንዳንድ ሹካ። ሳህኖቹ ነጭ ናቸው፣ ጠርዛቸው ሰማያዊ። አማሩልኝ። ፈገግ ብዬ ቀና ስል የሽማግሌው ፊት ጠቁሯል።

«ይህ ምንድር ነው?» አሉ።

«መኮሮኒ ነው አባት፣ ከስንዴ ነው፣ ውስጡ ክፍት ነው» አልኩ።

«ምግቡን አይዶለም የጠየቅሁሽ። ለየብቻ ነው ወይ የሚበሉት?»

ያን ጊዜ ገባኝ። በእኛ አገር በየሳህኑ የሚቀርብለት ማን ነው? ደም የተቃባ ሰው ነው፤ ሃይማኖቱ የተለየ ነው፤ የተገዘተ ነው፤ በሽታው የሚፈራ ነው። እኔ ሰባት ዓመት የተኳረፉ ወንድማማቾችን ከአንድ ገበታ ላስቆርስ ጠርቼ፣ ከእንግዲህ አትገናኙ እንደማለት፣ ድርሻ ድርሻቸውን ለይቼ አቀረብኩላቸው። ከእነሱ ኋላ ሦስት ሹፌሮች እያንዳንዳቸው በየሳህናቸው እየበሉ በሳቅ ይፈርሳሉ። ሲበሉ ያያቸው ሰው ደመኞች ናቸው አይልም። ታዲያ የትኛው ነው ትክክሉ? ያን ሰዓት ማሰቢያ ጊዜም አልነበረኝም።

ሴትዮዋን በአንድ ትልቅ ዕቃ ገልብጪልን ብላት ሽማግሌው አልፈቀዱም። «አንድ ጊዜ ተከፍሎ የመጣ ቢደባለቅም የተከፈለ ነው። ደሞም እርቅ በእንጀራ ነው እንጂ በዚህ ቧንቧ አይታሰርም» አሉ። ሴትዮዋ እንጀራ የላትም፣ ዳቦ ነው ያላት። ስለ ቧንቧው ያሉትን ሰምታ አኩርፋ ወደ ጓዳ ገባች። አባቴ ሳህኑን ያያል። ቄሱ ሳህናቸውን ያያሉ። እንጀራ የያዘ አንድ ገበታ ላመጣ ሮጥኩ፤ ሽማግሌውም እኔን ማመን ትተው ኖሮ፣ ከዘራቸውን ይዘው ተከተሉኝ።

ቤቴ መቶ እርምጃ አይሆንም። እዚያ እንጀራ አለ፣ ወጥ አለ። ሽማግሌው ግን «ነገርሁሽ እኮ፣ ያንቺ የአባትሽ ወገን ነው» አሉ። እንጀራም ወገን አለው ወይ ልላቸው ነበር፣ ተውኩት። እስላሟ ጋ ገባሁ። ከነሽሮው የተዘጋጀ ትሪ ከፊቷ አለ። «ውሰጂው ልጄ፣ ገንዘብም አልልሽ። ግን ቄሱ አይበሉልሽም፣ በኋላ እኔን አታስወቅሺኝ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ጠጅ ቤት ሮጥኩ። የጎንደሯ ሴትዮ ከቤቷ ገበታ አይወጣም፣ የሚታረቅ ካለ እዚህ ይግባ አለች፤ አዝማሪው ይህን ሰምቶ በእኔና በሽማግሌው ላይ ግጥም ጀመረ። ሽማግሌው ጆሯቸውን ይዘው ወጡ። የምስቅ ይሁን የማለቅስ አላውቅም፤ ሁለቱንም አድርጌያለሁ መሰለኝ። በመጨረሻ ጠላ የምትሸጥ ሴት ከነምስር ወጡ አንድ ሌማት እንጀራ ሰጠችኝ። ሽማግሌው ማን እንደሆነች፣ ከየት እንደመጣች፣ ከማን ጋር ዝምድና እንዳላት ጠይቀው ከጨረሱ በኋላ እሺ አሉ።

ሌማቱን ተሸክሜ ስመለስ ሁለቱም ሳህኖች ባዶ ናቸው።

አባቴ አፉን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ ነው። ቄሱ ሹካውን አገላብጠው ያያሉ። «ራበን፣ በላን» አለ አባቴ፣ ወደ እኔ ሳያይ። የሽማግሌው ሳህን ብቻ እንደነበረ ቀርቷል፣ ስጎው ረግቶ። ሌማቱን በመካከላቸው አኖርኩት፣ ክዳኑን አነሳሁት። ሽማግሌው ተቀመጡና «በሉ እንግዲህ፣ አንዳንድ ጉርሻ ይበቃል፣ እጃችሁን ስደዱ» አሉ።

ማንም እጁን አልሰደደም። አባቴ ወንድሙን አየ። ቄሱ አባቴን አዩ። እኔ አንዴ ይኸን አንዴ ያን አያለሁ። ፊታቸው ላይ ቁጣ ይታያል ብዬ ፈለግኩ፣ አልነበረም። የሚናገር ሰው ፊት ነበር፤ ግን ሁለቱም አልተናገሩም። ምን እንደሚጠብቁ አልገባኝም። «ይብሉ እንጂ አባየ» አልኩ፤ አባቴ ጋቢውን ሰበሰበ። ሽማግሌው እስኪበቃቸው ጠበቁ፣ ከዚያ ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ።

«እጁን ያልዘረጋ ልቡንም አልዘረጋም። እኔ ያየሁትን እናገራለሁ» ብለው ወጡ።

ያዩትን ተናገሩ። ሳምንት ሳይሞላ እርቁ ወረታ ላይ ፈረሰ፣ ልጅቱ በከተማ ሳህን አፈረሰችው ተባለ። ይፋግ ገበያ ሄጄ እንኳ ከማላውቃት ሴት አፍ ሰምቼዋለሁ። አባቴን ልጠይቀው ሄድኩ። «ታረቃችሁ ወይስ አልታረቃችሁም?» አልኩት። «ቄሱ ምን አሉ?» አለኝ። ምንም አላሉም አልኩት። «እንግዲያ እኔ ምን እላለሁ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በዚያው ክረምት ሞተ። ሜዳው ውኃ ተኝቶበት ስለነበር አስከሬኑን በታንኳ ነው ያሻገርነው። ፍትሐቱን ሌሎች ካህናት አደረሱ። ቄሱ ግን ከነጥላቸው ከምእመናን ጋር ደጅ ቆሙ፤ እርቅ ያልወረደለት ሰው ለወንድሙ አይፈታም ብለው ሽማግሌዎቹ ከልክለዋቸው ነበር። እኔም ከልካዮቹን አልተቃወምኩም። እንዲያውም ዓይናቸውን ላለማየት ዞርኩ።

ስምንት ዓመት አለፈ። ወገቤን አሞኝ ዋንዛዬ ፍል ውኃ ሄድኩ። ከድንጋዩ ላይ ጉልበታቸውን እያሹ የተቀመጡ ሽማግሌ አየሁ፤ የአባቴ ወንድም ናቸው። መሸሽ አማረኝ፤ ግን እርጥብ ልብስ ለብሶ የት ይሸሻል? መስቀላቸውን ተሳለምኩ። ብዙ ስለ ጉልበትና ስለ ወገብ አወራን። በመጨረሻ መቻል አቃተኝ።

«አባ፣ ያን ቀን ከእንጀራው አንዲት ቁራጭ ምነው ቢቆርሱ?» አልኳቸው።

«በልተን ነበራ» አሉ።

«በየሳህናችሁ ነዋ።»

«ማን አለሽ? ሽማግሌው አንቺን ተከትለው ሲወጡ ረኃቡ ጸናብን፣ ጀመርን። የአባትሽ ሳህን ቃሪያ በዝቶበት ነበር መሰለኝ፣ ሳሉ ቀሰቀሰው። ግማሽ የበላሁትን የኔን ሰጠሁት። እሱ ግማሽ የበላውን እኔ ሳብሁ። ያንዳችንን ትራፊ አንዳችን ጨረስን። ኸዚህ ወዲያ ምን ማዕድ አለ?»

ፍል ውኃው እግሬ ላይ እየፈሰሰ ነው፣ አይሰማኝም።

«ታዲያ ለሽማግሌው ለምን አልነገሯቸውም?»

«እሱ ይናገር ብየ። ታላቅ እሱ አይዶል?»

«እሱስ?»

«እሱማ ቄሱ እኔ ነኝና እኔን ጠብቆ ይሆናል። ምን አውቄ። በኋላም ልንገር ስል፣ አሁን ትዝ አላቸው ብሎ ሰው ይስቃል አልሁ። እንዲህ ስንጠባበቅ ክረምቱ ገባ። እሱ ኸሞተ ወዲያማ ማን ያምነኛል?»

በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን በሰው ተናድጄ አላውቅም። ልሳደብ አፌን ከፍቼ ነበር። እሳቸው ግን ለመነሣት እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸዋል። ደግፌ አነሣኋቸው። አባቴ ታርቆ ነው የሞተው። እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ ያለቀስኩት ሳይታረቅ ለሞተ አባት ነበር።