ሲስተር ሮማን ለራሳቸው ያልወሰዱት ማደንዘዣ

ሲስተር ሮማን አረፉ አሉኝ። እስካሁን አልገባኝም።

ጠዋት ለንደን፣ ሂትሮው አየር ማረፊያ ሥራ ላይ እያለሁ ልጃቸው ሳሮን ደወለች። "ብሩኬ፣ ማሚ ሄደች። ልቧ ነው አሉ።"

"ወዴት ሄዱ?" አልኳት። እውነቴን ነው፣ እንደዚያ ነው ያልኩት። ሁልጊዜ የሆነ ቦታ እየሄዱ ነበራ።

ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አቅቶኛል። ሺፍቴን ትቼ ወጣሁ፣ ቲዩብ ባቡሩን ያዝኩ፣ ካምደን ጣቢያን አለፍኩት፣ እንደገና ተመለስኩ። ይሄን የምጽፈው ይሠሩበት ከነበረው የጥርስ ክሊኒክ በር ላይ ቆሜ ነው። ለምን እዚህ እንደመጣሁ አላውቅም።

ለማታውቋቸው፦ ሲስተር ሮማን ከጥርስ ሐኪም ጎን የሚሠሩ ነርስ ነበሩ። የዓመት ፈቃዳቸውን ሰብስበው ከክሊኒኩ ዶክተርና ከጥቂት ሰዎች ጋር ቲቤት ይሄዳሉ። መኪና በቀላሉ ወደማይደርስባቸው መንደሮችና የቡድሃ ገዳማት መድኃኒት፣ ብርድ ልብስና የጥርስ መንቀያ ይዘው። እዚያ ጥርሱን ያመመው ሰው ሐኪም ለማግኘት ቀናት ይጓዛል።

ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ "ለጣዖት ቤት ነው እንዴ የሚለፉት?" ያሏቸው ነበሩ። እኔም አፍ አውጥቼ አልተናገርኩም እንጂ ሐሳቤ ያው ነበር። እሳቸው አልተቆጡም። "እኔ እዚያ ሄጄ የማየው የተከፈተ አፍ ነው" ብለው ሻይ ቀዱልን።

ከሁለት ዓመት በፊት ሣጥን የሚሸከም ሰው ሲጎድል እኔን ይዘውኝ ሄዱ።

የምንሄድበት ገዳም ሳንደርስ ናዳ መንገዱን ዘጋው። መሪያችን ነገ ይከፈታል አለ። እኔ ደስ አለኝ፣ ከፍታው ራሴን ሊፈልጠው ነበር። ዞር ስል ሲስተር ሮማን ቦርሳቸውን በጀርባቸው አዝለዋል።

"ተነስ ብሩኬ፣ አሞት የሚጠብቅ ሰው አለ።"

ይቺ ቃላቸው ነበረች። ለንደንም ሆነው፣ ሻይ ላይ ጨዋታ ሲረዝም ይሏታል። ተነሳሁ። ሣጥኖቹን ያክ በሚሏቸው ጸጉራም በሬዎች ላይ ጭነን ግማሽ ቀን በእግር ወጣን።

ገዳሙ ግቢ ውስጥ ሰው ተሰልፎ ጠበቀን። በማግስቱ ሲስተር ሮማን መነኮሳቱ የሰጧቸውን እንደ ድንጋይ የደረቀ አይብ ሲነክሱ የመንጋጋ ጥርሳቸው ተሰነጠቀ። ለማንም አልተናገሩም። በሦስተኛው ቀን ጉንጫቸው አብጦ ዶክተሩ ራሱ አየው። "ይቀመጡ፣ ለአንድ ሰው የሚበቃ ማደንዘዣ ቀርቷል፣ ልንቀልዎት" አላቸው።

ተቀመጡ። አሟቸዋላ።

ዶክተሩ መርፌውን ሳያነሳ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ፊታቸውን በሻሽ ጠምጥመው፣ በሰው ተደግፈው በበሩ ገቡ። ሲስተር ሮማን ከወንበሩ ተነሱ።

"ለሳቸው ይሁን።"

"መንገዱን አይችሉትም" አለ ዶክተሩ።

"እኔ ለንደን አንተ አለህልኝ። እሳቸው ማን አላቸው?"

ከዚያ እንደ ሥራቸው የመነኩሴውን ጭንቅላት ደግፈው ያዙ። ጥርሱ ሲወጣ መነኩሴው ቀና ብለው ያበጠውን ጉንጫቸውን አዩና የሆነ ነገር ተናገሩ። መሪያችን ተረጎመው፦ "እርስዎንም እኮ እያመመዎት ነው፣ ይላሉ።"

"ተራዬን እየጠበቅኩ ነው በላቸው" አሉ። መነኩሴው በደማ አፋቸው ሳቁ።

አውሮፕላን ላይ ወደ መስኮቱ ዞረው ሲያለቅሱ አይቻቸዋለሁ። እንዳላየሁ ሆንኩ። ከሂትሮው ከነሻንጣችን በቀጥታ የመጣነው እዚህ፣ አሁን የቆምኩበት በር ነው።

ባለፈው እሁድ ቴክስት ላኩልኝ። "የጉዞ ፈቃዱ ወጣ። ትመጣለህ ወይስ ሌላ ሰው ልፈልግ? ቶሎ ንገረኝ።" አየሁት። ደክሞኝ ነበር፣ አዲስ ሥራም አፕላይ አድርጌ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ እነግራቸዋለሁ ብዬ ተውኩት። ዛሬ ሐሙስ ነው። ሳሮን ስልካቸውን ስትከፍት የኔ መልስ የለም።

ሲስተር፣ ዘገየሁብዎት፣ ይቅር ይበሉኝ። ቅድም ወደ ውስጥ ገብቼ ለዶክተሩ ነግሬዋለሁ፦ እሄዳለሁ። ቤትዎ ኮሪደር ላይ ለጉዞው ያስቀመጧቸውን ሣጥኖች ቅዳሜ መጥቼ እወስዳለሁ። ከፊት ከፊቴ እየሄደ የሚያጣድፈኝ ሰው ሳይኖር ያንን ዳገት እንዴት እንደምወጣው ግን አላውቅም።

ደህና ይሁኑ፣ ሲስተር ሮማን። ያሳደጉኝ ያህል ነው የማዝነው።